አረፈልኝ

አብረውኝ ሰሊጥ ያረሙ ሰዎች ይህን ቢያነቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት መሳቅ ነው። ስልክን እንደ እባብ ይሸሽ የነበረው ዲያቆን ስለ ኢንተርኔት ሊጽፍ ተነሣ ይላሉ። ይሳቁ፣ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ያን ቅዳሜ ለማንም በሙሉ ተርኬው አላውቅም፤ ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

ያን ክረምት ሱዳን ውስጥ ከሀዋታ ከተማ ራቅ ብሎ ባለ እርሻ ላይ ነበርን። የምናድርበትን ሰፈር ካምቦ እንለዋለን፤ ሣርና ሸራ የለበሱ መጠለያዎች ናቸው፤ ዝናብ ሲጥል ዙሪያው ጥቁር ጭቃ ይሆንና እግር ይዞ አይለቅም። አብዛኞቻችን ከጭልጋና ከመተማ የመጣን ነን። እኔ አገሬ ላይ ድቁና ተቀብዬ ትንሽ ዜማም ቀማምሼ ነበር፤ ኑሮ ሲጠናብኝ ዜማውን ትቼ መኮትኮቻ ያዝኩ። ካምቦው ቄስ ስላልነበረው እሁድ እሁድ ሰዉን ሸራ ሥር ሰብስቤ የማስተምረው እኔ ነበርኩ።

የማስተምረውም ስለ ስልክ ነበር። ወንጌሉ ስለ ዘሪው ቢናገር፣ ዞሬ ዞሬ ስልክ ላይ እደርሳለሁ። ስለ ዐሥሩ ደናግል ቢሆን፣ አምስቱ ዘይት ያለቀባቸው ስልክ ሲነካኩ አምሽተው ነው እላለሁ። ጎረምሶቹ “አባ ስልኬ” የሚል ስም አወጡልኝ። አልተቀየምኳቸውም። ከከተማ ቪዲዮ እየጫኑ ይመጡና ሸራ ሥር ተደራርበው ዕርቃን ያያሉ፣ ሰው ሲደበደብ እያዩ ይስቃሉ። ሳቃቸውን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። ሰይጣን ድሮ ሰው ለማሳት አገር ላገር ይዞር ነበር፣ ዛሬ ግን እናንተው ኪሳችሁ ውስጥ አስቀምጣችሁ ትዞሩለታላችሁ ብዬ ሰብኬያቸው አውቃለሁ።

የካምቦውን ምግብ የምታበስለው እታፈራሁ ትባላለች። አሲዳ የሚባለውን የሱዳን ገንፎ ለዚያ ሁሉ አራሚ የምታገነፋው እሷ ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እታለም ነው የምላት። ፊደል አልቆጠረችም። እናታቸው በወሊድ ስትሞት ታናሽ ወንድሟን እንየውን ያሳደገችው እሷ ናት። ሳታገባ የቀረችው በእሱ ምክንያት ነው ይላሉ፤ እሷ ግን “ባል ጠፍቶ ነው እንጂ” እያለች ታሾፍ ነበር። እንየው በግንቦት፣ የሱዳን ጦርነት ሥራውንም ኑሮውንም ሲያከፋው፣ በደላሎች መኪና በበረሃ አድርጎ ወደ ግብጽ ተነሣ። ስደርስ እደውላለሁ ብሏት ነበር። ግንቦት አልፎ ሰኔ መጣ፣ ሐምሌም አለፈ፣ እንየው አልደወለም። ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም።

ከጦርነቱ ወዲህ ካምቦው ኔትወርክ አልነበረውም። ሀዋታ ላይ ግን ዓም ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ሱዳናዊ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ በሳተላይት የሚሠራ ኢንተርኔት አስገብተዋል። ሰው ሁሉ እሳቸው የሣር ዳስ ሥር ተኮልኩሎ ከየአገሩ ወሬ ይጠብቃል። በፍልሰታ ጾም አንድ ቅዳሜ የእርሻው ትራክተር ስንቅ ሊጭን ወደ ከተማ ሲወጣ፣ እታፈራሁ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ። የሚጻፍላትን የሚያነብላት ሰው ፈልጋ ነው። ጎረምሶቹን ለምን አትወስጂም ብላት፣ እነሱ ያላግጡብኛል፣ አንተ ግን የተጻፈውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ታነብልኛለህ አለችኝ። እያጉረመረምኩ ትራክተሩ ላይ ወጣሁ።

ዳሱ ሥር ተቀመጥን። ስልኳ ኢንተርኔቱን ለመያዝ ብዙ ከዘገየ በኋላ መንጫጫት ጀመረ። ከተከማቸው መሐል ከማናውቀው ሰው የመጣ አንድ መልእክት ነበር፤ ስሙ ክብሮም ይላል። የጻፈው በአማርኛ ቢሆንም ትግርኛ ተናጋሪ መሆኑ ያስታውቃል። ቃል በቃል አነበብኩላት።

“ሰላም እህቴ። የእንየው እህት አንቺ ነሽ? እንየው አርፏል። አብሮ ነበርን። አይዞሽ። እባክሽ መልስ ስጪኝ።”

“አርፏል” የሚለውን ከአፌ ሳልጨርስ እልልታዋ ዳሱን ሞላው። ተነሥታ መሬት ሳመች፣ ከዚያ የእኔን ጉልበት ሳመች። አረፈልኝ፣ ወንድሜ አረፈልኝ ትላለች። መንገደኛ ከሚሄድበት ደርሶ ጎኑን ሲያሳርፍ አረፈ እንላለን፤ እሷም የሰማችው ይህንኑ ነው። እኔ በቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ታሪክ እያነበብኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እዚያ ቅዱሱ ሁሉ ታሪኩ ሲያልቅ አረፈ ይባላል። ያን ሰዓት ግን ትዝም አላለኝ። እንቅልፍ አጥታ የከረመች ሴት ፊቴ ቆማ እልል ስትል ሌላ ትርጉም የሚያስብ ሰው ካለ፣ እሱ ከእኔ የበለጠ ሊቅ ነው።

ወደ ክብሮም ደወልን፤ ይጠራል፣ አያነሣም። ሥራ ላይ ይሆናል አልን። ያኔ እታፈራሁ የእንየውን ፎቶ ፌስቡኳ ላይ አውጥቼ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ።

“ወንድሜ አረፈልኝ በል። ሲጨነቅልኝ የከረመ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ።”

በአንድ ጣቴ ፊደል በፊደል እየፈለግሁ ጻፍኩ። የተማርኩ ነኝ አይደል፣ አማርኛውን ላሳምረው ብዬ “ወንድሜ እንየው አርፏል። እግዚአብሔር ይመስገን” አልኩ። “ልኝ” የምትለው መጨረሻዋ የሰፈር ወሬ መስላ ታየችኝና ጣልኳት።

ትራክተሩ እስኪጫን ገበያውን ዞርን። ጾም ስለሆነ ተምር ገዛችና መንገድ ዳር ሻይ ለሚያፈሉት ሴቶች፣ ለሐበሻውም ለሱዳኑም፣ እፍኝ እፍኝ አደለች። ሐበሾቹ “አረፈልኝ” ስትላቸው ገብቷቸው አገላብጠው ሳሟት። ጾሙ ሲፈታ ለመድኃኔዓለም ዝክር ልታወጣ አሰበች። እንየው ግብጽ ሥራ ሲይዝ ልትድርለት ያሰበቻትን ልጅ ስም ሁሉ ነገረችኝ። ይህን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ካምቦው ውስጥ ድምፅዋ የሚሰማው ምግብ ደርሷል ስትል ብቻ ነበር።

ከመመለሳችን በፊት ክብሮምን በድምፅ እናግኘው ብላ ወደ ዳሱ ወሰደችኝ። ስልኩን ስከፍተው ከፎቶው ሥር ብዙ ሰው ጽፏል። የመጀመሪያው “ነፍስ ይማር” ይላል። ሁለተኛው “እግዚአብሔር ያጽናሽ እታፈራሁ”። ከዚያ በታች ሌላ ነፍስ ይማር፣ ከዚያም ሌላ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር። ይኸው የኢንተርኔት ሰው፣ ሳያነብ የሚጽፍ፣ ተመስገን የሚል ጽሑፍ ሥር ነፍስ ይማር ይላል ብዬ በልቤ ሰደብኳቸው። ከዚያ እኔው የጻፍኩትን እንደገና አነበብኩት። ወደ ክብሮም መልእክት ተመለስኩና እሱንም አነበብኩት። አይዞሽ ይላል። ደርሶ ላረፈ ሰው እህት ማን አይዞሽ ይላል?

“ምን ይላሉ?” አለችኝ፣ ፊቷ እንደበራ። “እንኳን ደስ አለሽ ይላሉ?”

ብዙ ሰው ጽፏል አልኳት። ክብሮም መምጣቱን የምታሳየዋ አረንጓዴ ነጥብ ያን ጊዜ በራች። እዚህ ጫጫታ ነው ብዬ ስልኩን ይዤ ከሱቁ ጀርባ ዞርኩና፣ አርፏል ስትል ደርሷል ማለትህ ነው ወይ ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ በድምፅ መጣ።

“ወንድሜ፣ አማርኛዬ ጥሩ አይደለም፣ ይቅርታ። ሞቷል። በረሃ ላይ ሞቷል። እኔ ነኝ የቀበርኩት።”

የቀረውን እያለቀሰ ነው የነገረኝ። መኪናው አሸዋ ላይ ተበላሸ፣ ሾፌሩ እርዳታ ላምጣ ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። ውሃ አለቀ። ሌላ መኪና ሲደርስላቸው እንየው አልፎ ነበር። ክብሮም ከእንየው አንገት ላይ ማተቡን ፈትቶ አሸዋውን በእጁ ቆፍሮ ቀበረው። አብረውት ከነበሩት የእንየውን አገር በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ቤተሰቡን ያገኘው እንዴት እንደሆነ ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። በደረሰላቸው መኪና ላይ ከነበሩት መንገደኞች አንዱ ሬሳውን በስልክ ቀርጾት ኖሯል፤ ግብጽ ሲገባ ዘፈን ጨምሮበት ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ብዙ ሕዝብ አየው። ከሥሩ አንድ ሰው “ይህ የሀዋታዋ የእታፈራሁ ወንድም ነው” ብሎ ስለጻፈ ክብሮም እሷን ፈልጎ አገኛት። እናንተ ቪዲዮውን አትዩት አለኝ። የክርስትና ስሙን ብቻ ንገሩኝ፣ እዚህ ግብጽ የእኛ ካህን አሉ፣ ያለ ስም ፍትሐት ማድረግ አልቻሉም አለ።

መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። በማለዳ፣ በቤት፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ባሉበት ነው የሚነገረው፤ ራሷን እንዳትጎዳ የሚይዛት ጠንካራ ሰው አጠገቧ ይቆማል። ገበያ መሐል፣ በጾም በዛለ ጉልበት፣ አንድ ደካማ ዲያቆን ይዞ መርዶ አይነገርም። እንደምንም ካምቦው አድርሼ፣ ገዳሪፍ ላሉት የንስሐ አባቷ ልኬ፣ ሴቶቹን ሰብስቤ በሥርዓቱ ይነገራታል ብዬ ቆረጥኩ። ስመለስ ፎቶውን ልየው ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። መከልከያ ሰበብ አላገኘሁም። ሮጬ ሱቁ ውስጥ ገባሁና ዓም ኢድሪስን በተሰባበረ አረብኛዬ፣ ወንድሟ ሞቷል፣ ቶሎ የሚያደርሰን መኪና ይፈልጉልን አልኳቸው። እንዳይነግሯት ግን አላስጠነቀቅኳቸውም። የእኛ አገር ሰው ቢሆኑ ማስጠንቀቅ አያስፈልገኝም ነበር።

ስወጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አገኘኋት። ፊደል ባታውቅም ሥዕል ታውቃለች፤ ሰዎቹ ከጽሑፋቸው ጎን የለጠፏቸውን ትናንሽ ሥዕሎች እያየች ነበር።

“ይህ ሻማ ለምንድን ነው?”

ስለት ነው አልኳት።

“የሚያለቅሱትስ?”

ሰው ደስ ሲለውም ያለቅሳል አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። ዐይኔን ወደ ትራክተሩ አዞርኩ።

ዓም ኢድሪስ ከሱቁ የወጡት በዚህ መሐል ነው። ምስኪኑ ሽማግሌ የሐዘን ወጋቸውን ሊያደርሱ ነው የመጡት። ፊቷ ቆሙና ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። “ያ ብቲ፣ አል-በረካ ፊኩም” አሏት፣ ቀስ ብለው፤ ልጄ፣ በረከቱ በእናንተ ይቅር እንደ ማለት ነው። ዳሱ ሥር ያለው ወንድ ሁሉ ይህን ሲያይ እየተነሣ መዳፉን ዘረጋ። ሱዳን የኖረ ሰው የተዘረጋ መዳፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የሟች ቤት ሲደረስ ለፋትሐ፣ ለሙታን ለሚያደርሱት ጸሎት፣ የሚዘረጋ ነው።

አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞረች።

“አረፈ ያልከኝ ይህን ነው?”

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ያኔ ነው የወደቀችው። ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የሻይ ሴቶች ከየምድጃቸው እየሮጡ መጡ፤ ያደለቻቸው ተምር የአንዳንዶቹ እጅ ላይ ገና ነበር። ደረቷን ስትመታ እጇን የያዟት፣ ነጠላዋን ያስተካከሉላት፣ ውሃ በፊቷ ላይ የረጩላት እነሱ ናቸው። ዓም ኢድሪስ ምን እንዳጠፉ ሲገባቸው ጥምጥማቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ሸፈኑ። በእሳቸው አልፈርድም። እሳቸው እንደ አገራቸው ወግ ቀጥ ብለው ሐዘን ደረሱ፣ እኔ እንደ አገሬ ወግ እደብቃለሁ ስል ቆየሁ፤ ስልኩ ደግሞ የማንንም ወግ አያውቅም፣ የተቀበለውን ወዲያው ያወጣል።

ድምፅዋ ሲደክም አጠገቧ ተንበርክኬ ክብሮም የጠየቀውን ነገርኳት። ስልኩን ተቀበለችኝ። የድምፅ መልእክት መላክ ታውቅ ነበር። አፏ አጠገብ ያዘችው።

“ወልደ ገብርኤል ነው፣” አለች። “ወልደ ገብርኤል በሉልኝ። ለክርስትና ያቀፍኩት እኔ ነኝ፣ ስሙን አልስትም።”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን ከተማ ወጥቼ ክብሮም የላከውን ፍትሐት በስልኳ ይዤላት መጣሁ። ካምቦው ውስጥ ሐዘን ተቀምጣ ነበር። ካህኑ ረጋ ባለ ድምፅ የወልደ ገብርኤልን ነፍስ ሲጠሩ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስደግፋ ዐይኗን ጨፈነች። መልሰው ክፈቱልኝ ትላለች፣ እንከፍትላታለን። እነዚያ አባ ስልኬ ይሉኝ የነበሩ ጎረምሶች ዙሪያዋን ቆመው ያለቅሱ ነበር፤ ያን እሁድም ምንም አልሰበክሁባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ስልክ የማስተምረው ተለውጧል። ስልክ ሰይጣን ነው አልልም፣ መልአክም ነው አልልም። እንየውን ያዋረደው ስልክ ነው፤ ስሙን አሻግሮ ለካህን ያደረሰለትም ስልክ ነው። ያ ቀራጭ ባይቀርጸው ክብሮም አያገኛትም፣ እሷም እስከ ዛሬ ደጅ ደጁን እያየች ትጠብቅ ነበር። ይህን ሳስብ ለቀራጩ ምስጋና የሚገባው ይመስልና እበሳጫለሁ። አይገባውም። በዚያ ክፋት መሐል መንገድ ያወጣው እግዚአብሔር ነው፣ የክብሮም ደግ ልብም አለበት። ደግሞ የምትጽፉትን ስትጽፉ እዩ። እኛ ስንነጋገር “ልኝ” እና “ብኝ” አለን፣ ፊትና ድምፅ አለን፤ ስልክ ላይ የሚደርሰው ባዶው ቃል ነው። እኔ አንዲት “ልኝ” ጥዬ አንዲት ሴት በወንድሟ ሞት ተመስገን ስትል አገር አየው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለዚህም ነው መጻፌ።

ከሐዘን ከተነሣች በኋላ አንድ ቀን ጠራችኝ። ቪዲዮ መኖሩን ከጎረምሶቹ ሰምታ ኖሯል። እሷ እንደማታየው፣ ብታየው እንደምትሞት ነገረችኝ። ግን አንድ ነገር እየቆጠቆጣት እንቅልፍ ነስቷት ነበር።

“አንተ እይልኝ፣ ዲያቆን። ፊቱን ሸፍነውት እንደሆነ ብቻ ንገረኝ። በዚያ ፀሐይ ፊቱ ተገልጦ ከሆነ እኔ አልችለውም።”

ሀዋታ ሄጄ ከዳሱ ጥግ ተቀመጥኩና፣ በዕድሜዬ አላይም ያልኩትን ዓይነት ነገር ራሴ ፈልጌ ከፈትኩ። እንየው በጀርባው ተኝቷል። አንድ እጅ ከጎን ይመጣና ሸሚዝ ፊቱ ላይ ያለብሰዋል፤ የክብሮም እጅ ነው። ከዚያ በዘፈኑ መሐል፣ ከቀራጩ ስልክ ጀርባ አንድ ድምፅ ይሰማል። በአረብኛ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር፤ በእኛው አማርኛ ነው። “ግለጠው፣ ፊቱ ይታይ” ይላል። ሌላ እጅ መጥቶ ሸሚዙን ያነሣዋል።

ወደ ካምቦው ተመልሼ ሸፍነውታል አልኳት። በሸሚዝ ሸፍነውታል፣ እኔው በዐይኔ አየሁ። አማተበች፣ ብዙ ጊዜ አማተበች። ያን ሌሊት ተኛች ብለው ሴቶቹ ነገሩኝ።

እሷ ማንበብ ስለማትችል ይህ አይደርሳትም፤ የምታነቡላት እንዳትኖሩ በእግዚአብሔር ስም እለምናችኋለሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ የምነግራችሁ ስልኩ በእናንተም እጅ ስላለ ነው። ያንን ሸሚዝ ያነሣው አንድ እጅ ብቻ አይደለም። ቪዲዮውን የከፈተው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ከፊቱ ላይ ገልጦታል። እኔም ገልጬዋለሁ።